የጋሽ ገብረማርያም አሜን

አየር ጤና ላይ ሁንዴን የማያውቅ ሹፌር የለም። ከታክሲ ተራው ዝቅ ብሎ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ ያረጀ ጎማ የተከመረበት ጎሚስታ የእሱ ነው። ሌላው ሰው በብረት ታግሎ ከቸርኬው የሚያላቅቀውን ጎማ ሁንዴ በጉልበቱ ተጭኖ በመዳፉ ሲፈለቅቀው ያየ ደንበኛ መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ የሰውየውን እጅ ያያል፤ ሳቁንም ይተዋል። የቀኝ እጁ አንጓዎች ከቦታቸው ወልቀው ተጣመው የገጠሙ ናቸው። ጎማ አንጓን እንዲህ አያደርግም። እንዲህ የሚያደርገው የሰው መንጋጋ ነው።

ሁንዴ ከሆለታ ወዲህ ካለ ገጠር ወደ ኮልፌ የመጣው ገና ጢም ሳያበቅል ነበር። ሸክም ሞከረ፣ ግንበኛ ሥር ሠራ፣ በመጨረሻ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ካሉት ግሮሰሪዎች የአንዱ በር ላይ ቆመ። ሥራው የሰከረ ሰው ማስወጣት ነው ተባለ። "ማስወጣት" የሚለውን ለስላሳ ቃል የመረጠው የግሮሰሪው ባለቤት ነው፤ ሁንዴ የሚያደርገው ሌላ ነው። ሰውየውን በአንገትጌው ይይዝና ከበሩ መቃን ጋር ያላትመዋል፤ አስፋልቱ ላይ ይጥለውና ጎኑን በጫማው ይለዋል። አንድ የታክሲ ረዳት "ወንድሜ፣ እየወጣሁ ነው እኮ!" እያለ ሲለምነው የፊት ጥርሶቹን አርግፎበታል። ረዳቱ ጥርሱን ከጭቃ ውስጥ ሲለቅም ሁንዴ ቆሞ አየው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሁንዴ ተናዶ የሚመታ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። እሱ የሚመታው ደስ ስለሚለው ነው። ቡጢው ሲያርፍ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ይከፈትና ይሞቀዋል፤ ያገሩ ሰርግ ላይ የሚጨፍር ይመስለዋል። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። እሱ ግን ራሱን ያውቃል፤ ራሱንም ይፈራል።

ረዳቱ ወንድሞች ነበሩት። አንድ የክረምት ማለዳ ከሥራ ሲወጣ ጠብቀው በተሰበረ ጠርሙስ ሆዱንና ክንዱን ዘለዘሉት፤ እያጓራ ሲወድቅ ጭንቅላቱን በድንጋይ አሉትና ጎርፍ የሞላው ቦይ ውስጥ ገፍተውት ሄዱ። ቦዩ የሚያልፈው ሰፈርተኛው "ቆርቆሮዋ" በሚላት የጴንጤ ቸርች አጥር ሥር ነው። ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ ስለሆነ እንጂ ሌላ ስም አጥታ አይደለም። ለማለዳ ጸሎት ሲመጡ ያገኙት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ጋሽ ገብረማርያም የሚባሉ የጭነት መኪና ሹፌር የነበሩ ጡረተኛ፣ ሌላኛው የቸርቿ መጋቢ ማኑሄ። ጋሽ ገብረማርያም ቦይ ውስጥ ገብተው ጭንቅላቱን ከውኃው ቀና አድርገው ያዙት። መጋቢ ማኑሄ በራሱ ሸሚዝ ሆዱን አስሮ፣ ተሸክሞት አስፋልት ድረስ ሮጠ።

ከዚያ በኋላ ሁንዴ ሁለት አባት ያለው ሰው ሆነ። መጋቢ ማኑሄ አስተማረው፣ አጠመቀው። ጋሽ ገብረማርያም ደግሞ ከግቢያቸው አጥር ሥር ቦታ ሰጥተው፣ ክሪክና ኮምፕረሰር ከወዳጆቻቸው ለምነው ጎሚስታ አደረጉት። በተጠመቀበት ቀን ከውኃው ሲወጣ ሁለቱንም እጆቹን ዘርግቶ "እነዚህ ከእንግዲህ ሰው ላይ አይነሱም" አለ። ቃሉን የሰማው ምእመን አለቀሰ። እናም ያን የመሰለ ትከሻ ያለውን ሰው ሌላ ምን እናድርገው ብለው የቸርቿ አስተናጋጅ አደረጉት። በር ላይ ቆመ እንግዲህ፤ እንደገና በር ላይ።

በዚያ በር ላይ የቆመው ግን እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ በግራው የቀኙን አንጓ ጨብጦ ነበር። ሰው ሰላም ሲለው በአንገቱ ይመልሳል። ለምን እንዲህ እንደሚቆም ለጠየቁት "ልማድ ነው" ይላቸዋል። የኮልፌ ክረምት ጭቃውን ከጫማ ጋር ይዞ ስለሚገባ፣ ከደረጃው ጠርዝ ላይ የጫማ መጥረጊያ ብረት በገዛ እጁ በይዶ ተከለ። አሮጊቶቹ ብረቱ ላይ ጫማቸውን እየጠረጉ ይመርቁታል፤ እሱም ደስ ይለዋል።

ከዓመታት በኋላ ቸርቿ ፈቃድ ልታወጣ ስትል መተዳደሪያ ደንብ አምጡ ተባለች። ሽማግሌዎቹ ምን አደረጉ? ብዙዎቹ እንደሚያደርጉት፣ ከሌላ ቸርች ደንብ ተዋሱና ስሙን ቀየሩት። አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ጉባኤው ቁጭ ብሎ ተነበበለት። ፀሐይ ቆርቆሮውን አግላዋለች፤ ልጆች ራባቸው፤ ሰው ሁሉ ቶሎ ይለቅ ብሎ ለእያንዳንዱ አንቀጽ "አሜን!" ይላል። ጸሐፊው እንዲህ ከሚል አንቀጽ ደረሰ። በመጋቢውና በሽማግሌዎቹ መካከል አለመግባባት ሲነሳ ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ ሦስት ሰዎች ያዩታል፤ እስኪወስኑ ማንም ማንንም አያሰናብትም፤ የበሩ ቁልፍም በእነሱ እጅ ይሆናል፤ አስተናጋጆች የሚታዘዙት ለእነሱ ብቻ ነው።

የጸሎት ቡድን መሪዋ እህት ተሻለች ብድግ አለች። ተሻለች መልካም ሴት ናት፤ የታመመ ጠይቃ፣ ያዘነ አጽናንታ የማትጠግብ። አንደበቷ ግን ከእሷ ይቀድማል።

"ቆይ፣ 'ሲነሳ' ነው ያልከው? ማነው የሚያስነሳው? ገና ለገና ይጣላሉ ብላችሁ በዚህች ቤት ላይ ጠብ ትጽፋላችሁ? ለሰይጣን ወንበር ዘርግታችሁ ና ተቀመጥ ማለት አይደለም እንዴ? በኢየሱስ ስም ሰርዙት!"

"አሜን!" አለ ጉባኤው።

ጋሽ ገብረማርያም ከፊት ወንበር ተነሱ። "እህቴ፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት መኪና ላይ ነው። ፍሬን ስለገጠምኩ አደጋ መጥቶብኝ አያውቅም። የተገለበጥኩት ፍሬኑ የተበጠሰ ቀን ነው።"

ሰዉ ሳቀ። መጋቢ ማኑሄም ፈገግ ብሎ "ጋሽ ገብሬ፣ የእኛ ፍሬን መንፈስ ቅዱስ ነው" አለ። እልልታው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። በቃ፣ አለቀ። በአንቀጹ ቦታ "አለመግባባት ቢነሳ በጸሎትና በፍቅር ይፈታል" የሚል ተተካ።

"አይሆንም!" አሉ ጋሽ ገብረማርያም እንደቆሙ። "እኔ አይሆንም ብያለሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ!"

ማንም አልጻፈላቸውም። የዚያን ቀን ከሁሉ አስበልጦ "አሜን" ያለው በሩ ላይ የቆመው ሁንዴ ነበር። ጠብ የሚባል ነገር ስሙ እንኳ በዚያ ቤት እንዳይጠራ ከማንም በላይ የሚፈልገው እሱ ነውና። ከጠብ የሚጠብቀውን አንቀጽ አባሮ ከጠብ ያመለጠ መሰለው። ሞኝነት ነው፤ ግን ክፋት የለበትም፤ የዚያች ቸርች መከራ ሁሉ እንዲህ ክፋት በሌለበት ሞኝነት ተጀመረ።

መጋቢ ማኑሄ ታናሽ ወንድሙን ማንንም ሳያማክር ምክትል መጋቢ አድርጎ ሾመ። ሽማግሌዎቹ አኮረፉ። ሰብሳቢያቸው ወንድም አማኑ "ጾምን፣ ጸለይን፤ ጌታ መጋቢው ይሰናበት ብሎናል" ብሎ አወጀ። መጋቢ ማኑሄም ጾሞ ጸለየና "ጌታ ሽማግሌዎቹን አሰናብት ብሎኛል" ብሎ ከመድረክ አወጀ። ልብ በሉልኝ፤ ሁለቱም ወገን ደንቡን ፈጽሟል። በጸሎት ይፈታል አይደል የሚለው? ሁለቱም ጸልዮ ፈታው።

ጋሽ ገብረማርያም ራሳቸው ሽማግሌ ሆነው ሳሉ ከየትኛውም አልወገኑም። "ከውጭ ሰው እንጥራ፤ ሁለታችሁም ዝም ብላችሁ ቆዩ" እያሉ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ተመላለሱ። ሁለቱም ወገን ጆሮ ዳባ ልበስ አላቸው። ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ ደረሰ። መኮንኑ ደንቡን ተቀብሎ ገለጠ፣ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ።

"'በጸሎትና በፍቅር ይፈታል'" አለና ቀና አለ። "እሺ፣ እኔ የቱን ነው የማስፈጽመው? ጸሎቱን ነው ፍቅሩን?"

መኮንኑ ደንቡን መልሶላቸው፣ ፍርድ ቤት ሂዱ፣ እስከዚያው እንዳትደባደቡ ብሎ ሸኛቸው። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ሰጠ። እሁድ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም።

በዚያ እሁድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ከደጋፊዎቻቸው ጋር ቀድመው ገብተው አዳራሹን ሞሉት። ሁንዴ እንደ ወትሮው በሩ ላይ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ከታች ከመንገዱ ጭብጨባና ዝማሬ መጣ። መጋቢ ማኑሄ ከፊት፣ ወንድሙ ከጎኑ፣ ከኋላቸው ወጣቶች። ይዘምራሉ፤ ግን ብዙዎቹ ቀበቷቸውን ፈትተው እጃቸው ላይ ጠምጥመውታል። ሁንዴ ይህን ያውቃል። ማዞሪያ ላይ ስንቴ አይቶታል። አንጓውን አጥብቆ ጨበጠ።

"ዝጋው!" አለ ወንድም አማኑ ከውስጥ። "ሁንዴ፣ እንዳታስገባቸው!"

"ክፈት ልጄ" አለ መጋቢ ማኑሄ ከውጭ። "ያጠመቅኩህ እኔ ነኝ። ማነው የሚያዝህ?"

"እሱን ነው እኔም የምጠይቀው!" አለ ሁንዴ። "መጋቢ፣ እኔ ለማን ነው የምታዘዘው? አንድ ሰው ይንገረኝ! ደንቡ ምንድን ነው የሚለው?"

ማንም አልመለሰለትም። ምን ብሎ ይመልስለታል? መልሱን ራሳቸው፣ ከእሱ ጋር ሆነው፣ በእልልታ ሰርዘውታል።

መጀመሪያ የተፋበት የመጋቢው ወንድም ነው። ምራቁ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሁንዴ አልጠረገውም፤ ለመጥረግ እጁን መፍታት አለበት። ቀጥሎ በጥፊ መቱት። አንዱ በቀበቶ ዘለበት ግንባሩን አለው፤ ደሙ ወርዶ ቅንድቡ ላይ ተጠራቀመ። ሌላው ጉልበቱን በርግጫ መታው። "ያ ጎፍታ፣ ያ ጎፍታ" እያለ በእናቱ ቋንቋ ጌታውን ይጠራል፤ የያዘውን አንጓ ግን አልለቀቀም። ጥፍሮቹ የገዛ ሥጋው ውስጥ ገብተዋል። እኔ የዚህን ሰው ታሪክ የምነግራችሁ በኋላ ስላደረገው ብቻ አይደለም፤ ያን ጊዜ እንዴት እንደታገሰም እንድታውቁልኝ ነው።

ከውስጥ ያሉት በሩን ለመዝጋት ገፉ፤ ከውጭ ያሉት ለመክፈት ገፉ። በሩ ከነማጠፊያው ተነቀለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንዱ በስልኩ ቀጥታ ሲያሰራጨው ነበርና አገር አይቶታል። የፕላስቲክ ወንበር በአየር ላይ በረረ። ድንጋይ ቆርቆሮውን ደበደበው። ከድራሙ የተነቀለ የነሐስ ሳህን የአንዲት ሴትን ክንድ እስከ አጥንቷ ቆረጠው። የመዘምራን ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ሌላውን በማይክ ሽቦ አንገቱን አንቆ እያፈነው "ይቅር በለኝ በል! ይቅር በለኝ በል!" ይለዋል። የታነቀው ምላሱ ወጥቷል። ወንድም አማኑ መድረኩ ላይ ተረግጦ አፉ በደም ተሞልቷል። መጋቢ ማኑሄ "በኢየሱስ ስም ተዉ!" እያለ ሲጮህ አንድ ወንበር ፊቱ ላይ ተሰባብሮበት ተቀመጠ።

እህት ተሻለች በመካከል እጇን ዘርግታ ቆማ ነበር። አንዱ የማይኩን ማቆሚያ ብረት አዙሮ ግንባሯ ላይ አሳረፈው። ድምፅ ሳታሰማ ተቀመጠች፤ ደሙ በነጠላዋ ላይ ወረደ። ሁንዴ ያን አየ። ጣቶቹ ተፈቱ።

ብረቱን የያዘውን ሰው መንጋጋ የመጀመሪያው ቡጢ ሰበረው። የአጥንቱ ድምፅ ተሰማው። ሁለተኛውን በአንገትጌው ይዞ መቃኑ ላይ አላተመው፣ እንደ ድሮው። ሦስተኛው ሲሸሽ ደርሶ ጀርባውን ረገጠው። የመጋቢውን ወንድም አንስቶ ደረጃው ላይ ወረወረው፤ የወንድምየው ክንድ ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። የማን ወገን እንደሆኑ አይለይም፤ የቀረበውን ይመታል። ደረቱ ተከፈተለት፣ ሞቀው። ያ ሁሉ የጸሎት ዓመት፣ ያ ሁሉ እንባ፣ ከዚያ ሙቀት ላይ የተደረበ ስስ ጨርቅ ሆኖ ተገኘ። ደስ አለው። በኋላ በፍርድ ቤት ያልተናገረው፣ ሌት ተቀን የሚያስለቅሰው ይኸው ነው፤ ደስ ብሎት ነበር።

ከኋላው አንድ እጅ ትከሻውን ያዘ። "ሁንዴ፣ ልጄ፣ በቃህ" የሚል ድምፅም ነበር ይላሉ ያዩት። ሁንዴ ድምፁን አልሰማም። ዞር ሳይል ክርኑን ወደ ኋላ ላከው፤ ተከትሎም በሙሉ ሰውነቱ ዞሮ በቀኝ እጁ አሳረፈው። ያረፈበት ፊት የጋሽ ገብረማርያም ነበር። ሽማግሌው ከደረጃው ወደ ኋላ ወደቁ። ጭንቅላታቸው ያረፈው ሁንዴ በገዛ እጁ በበየደው የጫማ መጥረጊያ ብረት ላይ ነው።

ያን ጊዜ ጠቡ ቆመ። ማንም ሳይጸልይ ቆመ።

ሁንዴ ቦይ ውስጥ እሳቸው እንደያዙት ጭንቅላታቸውን ቀና አድርጎ ያዘ፤ ፖሊስ መጥቶ ከላያቸው እስኪያነሳው አልለቀቀም። ችሎት ፊት ለጠየቁት ሁሉ "አዎ" አለ። ጠበቃው "አላያቸውም ነበር" ሲል "ባያቸውም እመታ ነበር፣ ያን ጊዜ" ብሎ የራሱን ጠበቃ አሳፈረ። ማረሚያ ቤት ገባ። ቸርቿ ታሸገች። መጋቢ ማኑሄ የተከተሉትን ይዞ ሌላ ሰፈር አዳራሽ ተከራየ። ሁለቱም ወገን ለየብቻው ይቅርታ ሰበከ፤ ሽማግሌው የተኙበት ሆስፒታል ሄደው ግን ፊት ለፊት ሲገናኙ ሰላም ሳይባባሉ ተላለፉ።

የጋሽ ገብረማርያም አንዲት ልጅ ናዝራዊት ማረሚያ ቤት አንድ ቀን መጣች። ከሽቦው ወዲያ ቆማ ሳትቀመጥ ነበር የተናገረችው።

"አባዬ አልሞተም። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም። ንግግሩም ሄዷል፤ አንድ ቃል ብቻ ቀርታለታለች። ውኃ ልስጥህ? ስለው አሜን ይላል። አመመህ? አሜን። ብርድ ነው? አሜን። ትናንት ልብሱ ላይ ሸንቶ እያለቀሰ አሜን አለኝ። ዶክተሩ ይሄ የሚያጋጥም ነው፣ ብዙ የተለማመዱት ቃል ይቀራል አለኝ። ይሄን እንድታውቅ ብዬ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም ካንተ።"

መልስ ሳትጠብቅ ዞራ ሄደች።

የተፈረደበትን ጨርሶ ሲወጣ ቀጥ ብሎ የሄደው እዚያው አጥር ሥር ነው። ጎሚስታው ተዘግቶ ጎማው ላይ ሣር በቅሏል። በሩን አላንኳኳም፤ ግንቡን ተደግፎ ተቀመጠ። በማግስቱም መጣ፣ በማግስቱም። ናዝራዊት ስትወጣና ስትገባ አታየውም፤ ይህን ያህል ትልቅ ሰው አለማየት ቀላል አይደለም። አንድ ቀን አባቷ ከአልጋ ወድቀው ማንሳት አቃታት። ሰፈርተኛው ሥራ ሄዷል። በሩን ከፍታ ፊቱን ሳታይ "ና፣ አንሳው" አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌውን የሚያነሳ፣ የሚያጥብ፣ የሚያጎርስ እሱ ሆነ። ጠዋት ጎማ ይለጥፋል፣ እጁን በሳሙና ፈትጎ ይገባል። የመጀመሪያ ቀን ሲያጎርሳቸው ጉርሻው ከአፋቸው ሳይደርስ እሳቸው "አሜን" አሉት። የትኛውን አሜን እንዳሉት አላወቀም፤ በኋላ ግን ለየው። ሲስማሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሳይስማሙ ዓይናቸው ይፈጣል፣ ደህናው ግራ እጃቸውም ያገኘውን ነገር እንቅ አድርጎ ይይዛል። አፋቸው ሁለቱንም አሜን ይለዋል። ከናዝራዊት ቀጥሎ ይህን የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ቆርቆሮዋ ተከፈተች። ከጠቡ የተረፉት ሰዎች፣ ጥቂቶች፣ በአዲስ ስም እንመዝገብ አሉ። እንደገና ደንብ አምጡ ተባሉ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ጉባኤው ተቀመጠ። ወደ ቸርቿ የሚያወጣው መንገድ ዳገትና ኮብልስቶን ስለሆነ ሁንዴ ጋሽ ገብረማርያምን በጀርባው አዝሎ አወጣቸው። በሩ ጋ ሲደርስ ቆም አለ፤ የጫማ መጥረጊያው ብረት ተነቅሎ ጉድጓዱ በሲሚንቶ ተደፍኗል። አልፎ ገብቶ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣቸውና ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። ግራ እጃቸውን እንዳይንሸራተቱ ያዘላቸው።

ያው አንቀጽ ተነበበ፤ አለመግባባት ሲነሳ ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ ሦስት ሰዎች ያዩታል።

እህት ተሻለች ተነሳች። ግንባሯ ላይ ጠባሳው ከፀጉሯ እስከ ቅንድቧ ወርዷል። እንደ ድሮው አልጮኸችም።

"ወገኖቼ፣ ያለፈው ይበቃናል" አለች። "ይሄን ስሰማ ያ ቀን ነው የሚታየኝ። አዲስ ቤት ስንጀምር ለምን ቁስላችንን እንጽፋለን? ጌታ ፈውሶናል። ፍቅር ይበቃናል። ይቅር፣ ይሰረዝ።"

ብዙ ሰው ዓይኑን ጠረገ። "አሜን" አለ አንዱ ቀስ ብሎ። "አሜን" አለ ሌላው። ቃሉ ከወንበር ወደ ወንበር መሄድ ጀመረ።

"አሜን!" አሉ ጋሽ ገብረማርያም። ከሁሉም በላይ ጮኸው ነው ያሉት።

"እልልልል!" አለች ተሻለች። "አያችሁልኝ? እሳቸው እንኳን! የተጎዱት እሳቸው እንኳን አሜን አሉ!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሁንዴ ቀና ብሎ አያቸው። ዓይናቸው ፈጥጦ እንባ ሞልቶታል። ግራ እጃቸው የእሱን የተጣመመ አንጓ ጨምቆ ይዟል፤ ያ የደከመ እጅ አጥንቱን አሳመመው። "አሜን፣ አሜን፣ አሜን!" ይላሉ፤ ሰውም በተናገሩ ቁጥር ያጨበጭባል።

ሁንዴ በጉባኤ ተናግሮ አያውቅም። ተነሳ። ያን ትከሻ ቆሞ ሲያዩት ያ ቀን ትዝ ያላቸው ወደ ኋላ ሸሹ፤ አንዲት እናት ልጇን ሳበች። አይቷታል፤ አልፈረደባትም።

"አታጨብጭቡ" አለ። "ይሄ አሜን አይደለም። እህት ተሻለች፣ እርስዎ ክፉ አልተናገሩም፤ ያኔም አልተናገሩም። ያኔ ከሁላችሁ አብልጬ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ብቻቸውን ቆመው አይሆንም አሉ፤ ሳቅንባቸው። በኋላ በር ላይ ቆሜ ማንን ልታዘዝ ብዬ ስጮህ የሚመልስልኝ ጠፋ። የሚመልስልኝ እሱ የሰረዝነው አንቀጽ ነበር።"

ሽማግሌውን አየ፤ ቀኝ እጁን እንደያዙት ናቸው።

"በዚህ እጅ ነው የመታኋቸው። አይሆንም የምትለዋን ቃል ከአፋቸው ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ሊሏት አይችሉም። ስለዚህ እኔ እላታለሁ።" ትንፋሹን ሳበ። "አይሆንም! አይሰረዝም! ቃለ ጉባኤው ላይም ይጻፍልን።"

ተሻለች ጠባሳዋን በመዳፏ ሸፍና ቀስ ብላ ተቀመጠች። ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ መጻፍ ጀመረች።

ሁንዴ ወደ ቦታው ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። አንጓውን የጨመቀው እጅ ላላ። ጋሽ ገብረማርያም ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"አሜን" አሉ።